ቪትዝ፣ የፍጥነት መንገድና ቱሪንግ ካር፦ ለአንድ የአዳማ ልጅ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ዕድሜዬ 20 ነው። አዳማ ነው የምኖረው፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ማታ ማታ በአባቴ ቪትዝ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ስመጣ የሚቀድመኝ የለም። ፎርሙላ ዋን ለእኛ ሩቅ እንደሆነ ይገባኛል። ቱሪንግ ካር ግን ተራ መኪና ስለሚመስል ይቀርባል ብዬ አሰብኩ። ፕሮፌሽናል ተወዳዳሪ መሆን እችላለሁ? ከየት ልጀምር? ገቢውስ እንዴት ነው? ደግሞ ቪትዟ ላይ ቱርቦ ባስገጥም ለልምምድ ይጠቅመኛል?»

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው አራት ነገር ነው። እኔ ግን ያልጠየቅኸውን ላስቀድም፤ «የሚቀድመኝ የለም» ያልከውን።

የሚቀድምህ የጠፋው የሚወዳደርህ ስለሌለ ነው። ጎንህ ያለው ሰውዬ ሽንኩርቱን አራግፎ ቤቱ ሊገባ ነው። አንተ በ140 ስትሄድ በየሰከንዱ 39 ሜትር ትጓዛለህ። ዓይንህ አይቶ እግርህ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅብህ፣ መኪናዋ መቀነስ ሳትጀምር 39 ሜትር አለቀ ማለት ነው። ከ100 ወደ 140 ስትወጣ ፍጥነቱ የጨመረው 40 በመቶ ነው፤ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚጥለው ጉልበት ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ይሄን ከእኔ መስማት የለብህም፣ ክፍል ውስጥ ሠርተኸዋል። ከፊትህ የኋላ መብራት የሌለው አይሱዙ ካለ ደግሞ ስሌቱን የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነው።

ይሄን የምልህ ልቆጣህ አይደለም። ለምትፈልገው ሙያ ምንም ስለማያስተምርህ ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ቤንዚን መርገጥ አያቴም ትችላለች።

ስለ ራሴ ሁለት ቃል ልበል። አዳማ ነው ያደግኩት፣ ጋራዥ ውስጥ። ከዚያ ዱባይ ሄጄ ለዓመታት በአንድ የእሽቅድምድም ቡድን ሠራሁ፤ መጀመሪያ ጎማ ተሸካሚ፣ ኋላ መካኒክ፣ መጨረሻ ላይ ዳታ አንባቢ። ተወዳዳሪ ሆኜ አላውቅም። ግን ሾፌር መኪና ውስጥ ብቻውን ሆኖ ምን እንደሚያደርግ ከራሱ በላይ የሚያውቀው ዳታውን የሚያነበው ሰው ነው። ሾፌር ይረሳል፣ ላፕቶፕ አይረሳም።

ዱባይ ከ2006 (ሁሉም ዓመት እ.ኤ.አ. ነው) ጀምሮ የ24 ሰዓት ውድድር አለ። አንድ መኪና ለሦስት፣ ለአራት ሆነው ይነዱታል። ብዙ ጊዜ አንዱ ተከፋይ ባለሙያ ነው፤ ሌሎቹ ከኪሳቸው ከፍለው የሚነዱ ነጋዴዎች ናቸው። የእኔ ሥራ የሁለቱን መስመር ደርቦ ማሳየት ነበር። የፍሬን ግፊት በስክሪኑ ላይ እንደ መስመር ይሳላል። የነጋዴው ኮረብታ ይመስላል። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ኩርባው እየቀረበ ሲመጣ ሰውዬው ይደነግጥና ይጨምራል፣ ከዚያ ዘግይቶ ይለቃል። የባለሙያው ገደል ነው። ከምንም ተነስቶ በቅጽበት ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ መሪው መዞር ሲጀምር፣ ሕፃን እንዳይነቃበት በር እንደሚዘጋ ሰው ቀስ እያለ ይለቀዋል።

ቀጥታው ላይ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ኪሎ ሜትሩም፣ የሞተሩ ዙርም አንድ ነው። ሆኖም ሁሉም ነጋዴ ከመኪናው ሲወርድ የሚናገረው አንድ ነው፤ «ሞተሩ አይጎትትም»። አንድ ቀን አንዱ እንዲህ ሲለኝ ያንን ገደልና ኮረብታ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና፣ «ይሄ ሌላ መኪና ነው አይደል?» አለኝ። ያው መኪና ነበር፣ ያው ጎማ፣ የ20 ደቂቃ ልዩነት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። ቱሪንግ ካር ተራ መኪና ይመስላል ብለሃል። መምሰሉ ልክ ነው፣ ስፖርቱም የተወለደው ከዚያ ነው። እንግሊዞች የዛሬውን ቢቲሲሲ (የብሪታንያ ቱሪንግ ካር ሻምፒዮና) በ1958 ሲጀምሩት የቤት መኪና ነበር ያሰለፉት። ዛሬ ግን ከተራው መኪና የቀረው ቅርፊቱ ነው። ውስጡ የብረት ቱቦ ተበይዶበታል፣ ወንበሩ አንድ ነው፣ ማርሹ አንድ በአንድ በተራ ብቻ የሚቀየር ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚነዳው ቲሲአር የሚባለው ክፍል ነው፤ በ2015 ነው የተጀመረው። 2 ሊትር ቱርቦ፣ ፊት ጎማ ነጂ፣ 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ። የአባትህ ቪትዝ ባለ 1 ሊትር ከሆነች 70 ገደማ አላት። ሃዩንዳይ የአይ30 ኤን ቲሲአርን ለገበያ ሲያወጣ ዋጋው 128 ሺህ ዩሮ ነበር፣ ያለ ታክስ። በዛሬ ምንዛሪ አንተ አስላው፣ እኔ አልደፍርም።

የዚህ ስፖርት ጠባይ ከሌላው ይለያል። ፎርሙላ ላይ ጎማ ለጎማ ከተነካካህ ሁለታችሁም ቤታችሁ ናችሁ። ቱሪንግ ካር ላይ ፓራፋንጎ ለፓራፋንጎ እየተሻሹ ኩርባ መግባት የተለመደ ነው። ቦሌ ሚኒባስ ለተሳፈረ ሰው አዲስ አይሆንም። ሌላው፣ ያሸነፈ ይቀጣል። ቢቲሲሲ ላይ አንደኛ የወጣው መኪና ለሚቀጥለው ውድድር የእርሳስ ክብደት ይጫንበት ነበር፤ እስከ 75 ኪሎ የደረሰበት ዘመን አለ። አንድ ሙሉ ሰው ጭነህ ማለት ነው። በአንድ ቀን ሦስት ውድድር አለ፤ ለሦስተኛው ደግሞ የፊተኞቹ መነሻ ቦታ ይገለበጣል። ስለዚህ ሻምፒዮን የሚሆነው ሁልጊዜ የሚያሸንፈው አይደለም። ከብዶትም፣ መሀል ተሰልፎም፣ ጎኑ ተላልጦም አምስተኛ ሆኖ ነጥብ ይዞ የሚወጣው ነው።

ፊት ጎማ ነጂ ያልኩት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሙያው እዚህ ነው ያለው። የፊት ሁለት ጎማዎች መሪውን ይይዛሉ፣ ከፍሬኑ አብዛኛውን ይይዛሉ፣ ሞተሩንም ወደ አስፋልት ያወርዳሉ። የኋላዎቹ እንግዶች ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ ጎማ ሁለት ሥራ በአንዴ ስትሰጠው ከሁለቱም ይሰርቃል። መሪ እያዞርክ ቤንዚን ብትረግጥ መኪናው አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውጪ ይሄዳል። ድንገት ብትለቀው ደግሞ ጭራው ሊወጣ ይችላል። ባለሙያ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ለእነዚያ ሁለት ጎማዎች ሥራ ሲያከፋፍል ነው የሚውለው።

መኪናው ፒት (ጎማ የሚቀየርበትና የሚጠገንበት ቦታ) ሲገባ ጎማው ላይ መርፌ ያለው ቴርሞሜትር እንሰካለን። ሦስት ቦታ፤ ውስጥ፣ መሀል፣ ውጪ። ጎማው ትኩስ ስለሆነ ላዩ እንደ ማስቲካ ይለጠፋል፣ ትራኩ ላይ ያለውን ጠጠር ሁሉ ለቅሞ ይመጣል። ሽታው ልብስህ ላይ ይቀራል፤ ሚስቴ «ቢታጠብ እንኳ አይለቅም» ትል ነበር። ከሦስቱ ቁጥሮች ጎማው አስፋልቱ ላይ እንዴት እንደተኛ ታነባለህ። ውስጡ ከውጪው በጣም ከጋለ ጎማው ከልክ በላይ ዘንብሏል።

አንዴ የግራና የቀኝ ቁጥሮችን አቀያይሬ ጻፍኩ። ድካም ነው፣ ምክንያት የለኝም። ኢንጂነሩ በእኔ ቁጥር ጎማውን አስተካከለ። መኪናው ወጣ። ሾፌሩ አንድ ዙር እንኳ ሳይጨርስ በሬዲዮ፣ «ቀኝ ሲታጠፍ መግቢያው ላይ የግራ ፊቱ አይነክስም፣ መውጫው ላይ ደህና ነው፤ ከመውጣቴ በፊት እንዲህ አልነበረም፤ የነካችሁትን መልሱ» አለ። አልጮኸም። «መኪናው አበደ» አላለም። የትኛው ጎማ፣ የትኛው ኩርባ፣ መግቢያ ላይ ወይስ መውጫ ላይ፣ ከመቼ ጀምሮ፤ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። ለዚያ ሰው ቡድኑ የሚከፍለው ለእግሩ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን «እችላለሁ ወይ» ላልከው። ለንደን አጠገብ ብራንድስ ሃች የሚባል ትራክ አለ። አጭሩ ዙር 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ቱሪንግ ካር በ48 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። እዚያ በማጣሪያ ቀን ሃያ ያህል መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይታጨቃል። አንድ ሰከንድ! ሁሉም ፈጣኖች ናቸው። ፈጣን መሆን የመግቢያ ትኬት ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። የሚለያዩት ያንኑ ዙር በመድገም ነው። ጎማው አልቆ፣ የመኪናው ውስጥ ከ50 ዲግሪ በላይ ሆኖ፣ ኋላው ሰው እየገፋው፣ ሃያ ዙር ሲነዳ ሃያውም በሁለት ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ከሆነ ያ ሰው ባለሙያ ነው። አንድ ዙር ጉድ የሚሠራ፣ በሚቀጥለው ኩርባ የሚስት ደግሞ ሞልቷል፤ እሱ ነው የሚከፍለው።

ስለዚህ የመጀመሪያ የቤት ሥራህ የሚሆነው መድገም መቻልህን ማየት ነው። ይሄ ደግሞ ያለ መኪና ይቻላል።

ኖርበርት ሚሄሊስ የሚባል ሃንጋሪያዊ አለ። ከካርቲንግ (በትንንሽ ክፍት መኪና ከሚደረገው ውድድር) አይደለም የመጣው፣ አባቱም ቡድን አልነበራቸውም። ኮምፒውተር ላይ የእሽቅድምድም ጌም ይጫወት ነበር። በዚያ ታወቀ፣ ከዚያ በርካሽ ውድድሮች እውነተኛ መኪና ያዘ፣ በ2010 ማካው ላይ የዓለም ሻምፒዮና ውድድር አሸነፈ፣ በ2019 የቱሪንግ ካር የዓለም ዋንጫን ወሰደ። ማካው ማለት በሁለት ግንብ መሀል በከተማ መንገድ የሚነዳበት ነው፤ ጌም ተጫዋች ነው ብሎ የሚምር ቦታ አይደለም።

ጌም ስልህ ግን ሰፈር ውስጥ በሰዓት የሚከፈልበትን በጆይስቲክ የሚጫወቱትን አይደለም። መሪና ፔዳል ያስፈልጋል፣ ያገለገለም ይሁን። ገንዘብ ካለህ መሪው ላይ አታባክን፣ ፍሬን ፔዳሉ ላይ አውለው፤ በርዝመት ሳይሆን በግፊት የሚሠራውን ፈልግ። ምክንያቱን ያ ገደልና ኮረብታ ነግሮሃል። ፊት ጎማ ነጂ መኪና ምረጥ፣ አንድ ትራክ ምረጥ፣ ሌላውን ሁሉ ዝጋ። የጌሙ ጉድለት አይጠፋኝም። ጀርባህ አይገፋም፣ ሆድህ አይገለበጥም፣ ብትጋጭ አታለቅስም። መድገምን ግን ከምንም በላይ ያስተምራል።

«ዕድሜዬ አልፏል?» ብለህ አልጠየቅህም፤ ግን ይሄን ሳታስበው አትቀርም። ፎርሙላ ዋን ላይ አዎ፣ 20 ዓመት ለመጀመር ያረጀ ነው። ቱሪንግ ካር ላይ ግን ጋብሪኤሌ ታርኩዊኒ የሚባል ጣልያናዊ አለ። ይሄ ሰው በፎርሙላ ዋን ታሪክ ቅድመ ማጣሪያውን ባለማለፍ ሪከርድ ይዟል፤ 25 ጊዜ። ማለትም 25 ጊዜ አርብ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ዕድሜ ዘመኑን በዚያ መድረክ ያገኘው ነጥብ አንድ ነው፣ በ1989 ሜክሲኮ ላይ። ሌላ ሰው ሱቅ ይከፍት ነበር። እሱ ግን ቱሪንግ ካር ገባና በ1994 በአልፋ ሮሜዮ የእንግሊዝን ሻምፒዮና ወሰደ። በ2009 በ47 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2018 ደግሞ በዚያው በሃዩንዳይ አይ30 የዓለም ዋንጫውን አነሳ። ያኔ 56 ዓመቱ ነበር።

(ታርኩዊኒ አንድ ቀን አዳማ ጋራዥ ቢመጣ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም የእሱ ቋንቋ ነው። ዱባይ መጀመሪያ ስሄድ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፣ ከጣልያኖቹ መካኒኮች ጋር ግን በአዳማ ቃላት ተግባባን። ፍሪሲዮን ስላቸው ዞር ብለው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።)

«አገራችን ትራክ የላትም» የሚለውም እውነት ነው፤ ቱሪንግ ካር የሚነዳበት በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የጸደቀ ሰርኪዩት ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። አንዲ ፕሪዮ የሚባለው ሾፌር ግን ከጉርንሲ ነው የመጣው። ጉርንሲ ከተማ የምታክል ደሴት ናት፣ በመንገዷ ላይ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው። ትራክ የላትም። ያላት አንድ ዳገት ነው፣ ሰዎች ሰዓት እያስያዙ የሚወጡት። ፕሪዮ ከዚያ ዳገት ተነስቶ በ1995 የብሪታንያን የዳገት ሻምፒዮና ወሰደ። ከዚያ እሱና ባለቤቱ ቤታቸውን ሸጠው፣ ሲልቨርስቶን ትራክ አጠገብ ካራቫን ውስጥ ኖሩ። በ2005፣ 2006 እና 2007 በቢኤምደብሊው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከአህጉራችንም ሞሮኳዊው ሜህዲ ቤናኒ በ2014 ሻንጋይ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ውድድር አሸንፏል። እሱ ግን ማራኬሽ ላይ ከ2009 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮናው ይመጣለት ነበር፤ ደጁ ድረስ። አንተ እንደ ቤናኒ አይደለህም፣ እንደ ፕሪዮ ነህ። መሄድ ያለብህ አንተ ነህ።

የት? የተለመደው መንገድ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ካርቲንግ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ትንሽ መኪና የሚነዱበት ውድድር፣ ከዚያ ቱሪንግ ካር። አሽ ሰተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ2015 የክሊዮ ካፕ (ሁሉም ሬኖ ክሊዮ የሚነዱበት ውድድር) ሻምፒዮን ነበር፣ በ2016 ቢቲሲሲ ገባ፣ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ዓይነት መኪና የሚባለው ውድድር የሚጠቅመው «ሞተሩ አይጎትትም» ማለት ስለማትችል ነው።

ለአንተ ቅርቡ ናይሮቢ ነው፤ የካርቲንግ ሜዳ አለ። ኬንያ በመኪና ስፖርት ከእኛ በጣም ቀድማለች፣ ሳፋሪ ራሊ ከ1953 ጀምሮ የሚካሄድ ነው፣ በ2021ም ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ተመልሷል። ራሊ ሌላ ስፖርት ነው፣ ግን ራሊ ያለበት አገር መካኒክ፣ ዳኛና ላይሰንስ የሚሰጥ ማኅበር አለው። ዱባይ ደግሞ ከአውቶድሮሙ (ከትልቁ የመኪና ውድድር ትራክ) ጋር 1.2 ኪሎ ሜትር የካርቲንግ ትራክ አለ፣ በየደቂቃው ከፍለህ ትነዳለህ። እዚያ ዘመድ የሌለው የአዳማ ልጅ ብርቅ ነው፤ አክስትህን ጠይቅ። ደቡብ አፍሪካ ካያላሚ የሚባል ትራክ አለ፣ ሁሉም ፎልክስቫገን ፖሎ የሚነዱበት የፖሎ ካፕም አለ፤ ከአውሮፓ ይረክሳል፣ ርካሽ ግን አይደለም።

ላይሰንስ ያልኩት መንጃ ፈቃድ አይደለም። የውድድር ላይሰንስ በየአገሩ ባለው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል ማኅበር በኩል ነው የሚሰጠው። ሐኪም ያይሃል፣ ስለ ባንዲራዎች ትፈተናለህ፣ ደረጃው ከዲ እስከ ኤ እየተወዳደርክ ነው የሚያድገው። በገንዘብ ብቻ አይዘለልም። እሳት የማይበላ ልብስ፣ የጸደቀ ሄልሜትና ሄልሜቱን ትከሻህ ላይ ከሚያርፍ ድጋፍ ጋር አስሮ አንገትህን የሚጠብቀው ሃንስ የሚባለው መከላከያ ግዴታ ናቸው። ሄልሜት በሰከንድ ሃንድ አትግዛ።

ስለ ገቢው አልሸፋፍንልህም። የመኪና ፋብሪካ ደመወዝ የሚከፍላቸው ሾፌሮች አሉ፣ በጣም ጥቂት ናቸው። ከነሱ በታች ያሉት ወንበራቸውን ራሳቸው ይዘው የሚመጡት ናቸው፤ ማለትም ስፖንሰር አሳምነው ለቡድኑ ገንዘብ የሚያመጡ። ዘንድሮ ቴሌቪዥን ላይ የምታያቸው አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሻምፒዮናው ራሱ የሚሰጠው ሽልማት የጎማ ወጪህን አይሸፍንም። ሾፌሩ እንጀራውን የሚበላው በሌላ ነው፤ ሀብታሞችን ነጂነት በማስተማር፣ የፋብሪካ መኪና በመሞከር፣ በማስታወቂያ። ጄሰን ፕላቶ በቢቲሲሲ 97 ውድድር ያሸነፈ፣ ከማንም በላይ ማለት ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ የመኪና ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። ለመዝናናት እንዳይመስልህ። ካሜራ ፊት የማይናገር ሾፌር ስፖንሰር አያገኝም።

ስለዚህ ከፍጥነትህ በፊት የሚፈተነው አንደበትህ ነው። አዳማ ውስጥ አንድ ነጋዴ ቢሮ ገብተህ፣ «ስሜን ኮፈኑ ላይ ጻፍልኝ» እንዲል በአሥር ደቂቃ ማሳመን ትችላለህ? እሱ የሚጠይቅህ ስለ ኩርባ አይደለም። «እኔ ምን አገኛለሁ?» ነው የሚልህ። መልስ ከሌለህ ገና አልደረስክም። እኔ ዱባይ ሳለሁ ካየኋቸው ከሁሉም ጎበዝ የነበረው ልጅ ይሄን አልቻለም። ሁለት የውድድር ዓመት ነዳ፣ ከዚያ ጠፋ። አሁን የሊሞዚን ሹፌር ነው ይባላል።

አንድ የማይወራ በር ግን አለህ፤ የምትማረው ትምህርት። ከ1998 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ፎርሙላ ስቱደንት የሚባል ውድድር አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትንሽ የውድድር መኪና ራሳቸው ነድፈው፣ ሠርተው፣ ነድተው ይወዳደሩበታል። ወጪውንም ለዳኞች ያስረዳሉ። ከዚያ ቡድን የወጣ ልጅ ፒት ውስጥ ሥራ ይፈለግለታል። ሾፌር ለመሆን የሚከፍሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ያንን የፍሬን መስመር የሚያነብ ሰው ግን ራሱ ይከፈለዋል። ገብተህ ትለምዳለህ፣ ትታወቃለህ፣ ሾፌር የታመመ ቀን ምን እንደሚፈጠር አይታወቅም። ለእኔ አልተፈጠረም። እኔ ግን 38 ዓመቴ ነበር፣ ወገቤም ያመኝ ነበር።

ኤሌክትሪክም አለ። ከ2024 ወዲህ አገራችን ቤንዚን የሚያቃጥል የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች፤ አዳማ መንገድ ላይ ቢዋይዲውንና አይዲ ፎሩን እያየህ ነው። በዓለም ደግሞ በ2021 የኤሌክትሪክ ቱሪንግ ካር ውድድር ተጀምሮ ነበር፤ መኪኖቹ ለአጭር ጊዜ 500 ኪሎ ዋት ይሰጡ ነበር፣ የቲሲአር እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ያ ውድድር ብዙ አልዘለቀም። የባትሪ ሙቀትና ከፍሬን ኃይል መሰብሰብ የሚያውቅ ሰው ግን ውድድሩ ቢቀየር ሥራ አያጣም። ሌላው የአገር ልጅ ሁሉ አሁን አንድ ላይ ነው የሚጀምረው፣ አንተም ከማንም ኋላ አይደለህም።

ሰውነትህንም አትርሳ። ፎቶ ለመነሳት ከሚሆን ጡንቻ ይልቅ ልብና አንገት ነው የሚፈለገው። ጠዋት ሩጥ። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ሙቀቷም አለ፤ በነፃ የተሰጠህ ጂም ነው። ዱባይ የመጡ አውሮፓውያን በ15 ደቂቃ ከመኪና ሲወጡ ውኃ ሲያፈሱባቸው፣ የእኛ አገር መካኒኮች ጎማ ተሸክመን ስናላግጥ ነበር።

አሁን ሥራ ልስጥህ። ጌሙ ላይ ፊት ጎማ ነጂ መኪና ያዝ፣ አንድ ትራክ፣ አንድ ዓይነት ጎማ። አንድ ሳምንት ተለማመድ። ከዚያ ሃያ ዙር ሳታቋርጥ ንዳ፣ የየዙሩን ሰዓት በወረቀት ጻፍ። ምርጡን ዙርህን አትንገረኝ፣ አይጠቅመኝም። ሃያውን በሙሉ ላክልኝ፣ የተጋጨህበትንም ጭምር። በምርጡና በመጥፎው መሀል ከአንድ ሰከንድ በላይ ካለ ገና ነህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው። በወር ውስጥ ወደ ግማሽ ሰከንድ ካወረድከው ደግሞ ስለ ናይሮቢ እናወራለን።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ ቱርቦው። አትግጠም። ከፍታ ላይ ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ቱርቦ ያንን ይክሳል፣ እሱ ልክ ነው። ግን የቪትዟ ሞተር ለዚያ ግፊት አልተሠራም። መጀመሪያ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ፒስተኑ፣ ከዚያ አባትህ ያውቃሉ። በዚያ ብር አራቱንም ጎማ ቀይር፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይቱንም አብረህ። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አባትህን ጠይቃቸው፤ «የፍሬን ዘይት ይቀየራል እንዴ?» ካሉህ፣ ዛሬውኑ አስቀይረው።